ከውጭ የገባ መኪናን በአሜሪካ ማስመዝገብና መንዳት

ከውጭ የገባ መኪናን በአሜሪካ ማስመዝገብ ማለት ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ተሽከርካሪ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ገብቶ ከግዛቶቹ በአንዱ ታርጋ እስኪያገኝ ድረስ የሚያልፍበት ሕጋዊ ሂደት ነው። ሂደቱ ሁለት የተለያዩ ፈቃዶችን ይጠይቃል። መኪናው አገር ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ይነዳ ወይስ አይነዳ የሚለውን ደግሞ ባለቤቱ የሚኖርበት ግዛት ይወስናል። የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘ መኪና ሁለተኛውን ሊከለከል ይችላል፤ ብዙ ገዢዎች ይህን የሚረዱት ቀረጡን ከፍለው፣ መኪናውን ከወደብ አውጥተው፣ በተለምዶ ዲኤምቪ የሚባለው የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮ መስኮት ላይ ከደረሱ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሊብሬ ለማውጣት የሚያገለግል ዋና ሰነድ መሆኑን ለለመደ አንባቢ፣ የጉምሩክ ወረቀት ተሟልቶ ታርጋ መከልከሉ እንግዳ ሊመስል ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ አሜሪካ ለመኪና ደህንነት አገር አቀፍ መስፈርት አልነበራትም። በ1966 የወጣው የብሔራዊ ትራፊክና ሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ይህን ቀየረ። ዝርዝር መስፈርቶቹ ሥራ ላይ መዋል የጀመሩት ከጥር 1 ቀን 1968 ጀምሮ ስለነበር ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ዛሬም አይመለከቱትም። በ1970 ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተቋቋሙ። አንዱ የብሔራዊ አውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ሲሆን (ከዚህ በኋላ «የደህንነት አስተዳደሩ»)፣ ሌላው የጭስ ልቀትን የሚቆጣጠረው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ መኪና ወደ አሜሪካ ሲገባ ለሁለቱም መልስ መስጠት አለበት።

አውሮፓ ውስጥ ደህንነቱ የተረጋገጠ መኪና አሜሪካ ውስጥ ለምን ተቀባይነት አያገኝም የሚለው ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሳል። መልሱ በአብዛኛው ከማረጋገጫው ዘዴ ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓ አንድ ሞዴል ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በመንግሥት አካል ተመርምሮ የዓይነት ማጽደቂያ ይሰጠዋል። በ1958 በተደረገው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት አንዱ አባል አገር ያጸደቀውን ዕቃ ሌላው ይቀበላል። አሜሪካ የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም። በአሜሪካ ሕግ አምራቹ ራሱ «ይህ መኪና የፌዴራል መስፈርቶችን ያሟላል» ብሎ ይመሰክርና ምስክርነቱን የያዘ መለያ በሾፌሩ በር አካባቢ ይለጥፋል። መንግሥት ደግሞ መኪናው ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ እየገዛ ይፈትሻል። ስለዚህ በር ላይ ያ መለያ የሌለው መኪና የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በሕጉ ዓይን ምስክር የለውም።

በቴክኒክ በኩል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። የፓራውልት መብራት ቅርጽና የብርሃን አጣጣል፣ በመኪናው ጎን ላይ የሚገጠሙት ከፊት ብርቱካናማ ከኋላ ቀይ የሆኑ መብራቶች፣ የመስታወት ምልክት፣ የበር ውስጥ ማጠናከሪያ ብረት፣ የመከላከያ (ፓራፋንጎ ሳይሆን የፊትና የኋላ ባምፐር) ጥንካሬ፣ የቀበቶና የኤርባግ አሠራር፣ የፍጥነት መለኪያው በማይል መሆን ሁሉ ይታያል።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዶላር ምንዛሪ ከፍ ሲል አውሮፓ ሄዶ መርሰዲስ ወይም ቢኤምደብሊው መግዛትና ራስን ችሎ ማስገባት ከአገር ውስጥ ወኪል ከመግዛት በብዙ ርካሽ ሆነ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በዚህ መንገድ ገቡ፤ ይህም «ግራጫ ገበያ» ተባለ። አንዳንዶቹ በጥንቃቄ የተስተካከሉ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በወረቀት ብቻ። ሕጋዊ ወኪሎችና አምራቾች፣ በተለይ መርሰዲስ ቤንዝ፣ ይህ እንዲቆም ምክር ቤቱን ወተወቱ። በ1988 ከውጭ የሚገቡ ተሽከርካሪዎች ደህንነት ተገዢነት ሕግ ወጣ። የሸማቹ ደህንነት ነው ወይስ የወኪሎቹ ገበያ የተጠበቀው የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ ሁለቱም ተጠብቀዋል ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

የ25 ዓመት ደንብ

የ1988ቱ ሕግ አንድ ሰፊ በር ትቷል። ከተሠራ 25 ዓመት የሞላው መኪና የደህንነት መስፈርቶቹን እንዲያሟላ አይጠየቅም። የጭስ ልቀትን በተመለከተ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 21 ዓመት የሞላውንና ከመጀመሪያ ይዞታው ያልተለወጠውን መኪና ነጻ ያደርጋል። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ በመሆናቸው ግራ ያጋባሉ። የ22 ዓመት መኪና የጭሱን ፈተና ቢያልፍም በደህንነቱ ይወድቃል። ስለዚህ በተግባር የሚቆጠረው 25 ነው።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት አቆጣጠሩ ላይ ነው። 25 ዓመቱ የሚቆጠረው ከሞዴል ዓመቱ ሳይሆን መኪናው ከተሠራበት ወር ነው። ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር በተለምዶ አር32 የሚባለው ትውልድ መሸጥ የጀመረው በነሐሴ 1989 ስለነበር የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በሕጋዊ መንገድ መግባት የቻሉት በ2014 ነው። አር34 ደግሞ በ1999 መጀመሪያ ስለወጣ ተራው የደረሰው በ2024 ነው። ነገር ግን በ2002 የተሠራ አር34 እስከ 2027 ይጠብቃል። በአንድ ስም የሚሸጡ፣ በዓይን የማይለዩ ሁለት መኪኖች አንዱ ሕጋዊ ሌላው ሕገወጥ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የተሠራበትን ወር ማስረዳት የአስገቢው ግዴታ ነው። በመኪናው ላይ ያለ የአምራቹ መለያ፣ መኪናው አዲስ ሳለ የተሸጠበት ደረሰኝ፣ ወይም ቢያንስ ከ25 ዓመት በፊት መመዝገቡን የሚያሳይ የምዝገባ ሰነድ ይቀበላሉ። የጃፓን ሰነዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩት መኪናው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ወር ነው። መኪና ከመሠራቱ በፊት ስለማይመዘገብ ይህ ወር 25 ዓመት ካለፈው ጥያቄ አይነሳም፤ ችግር የሚመጣው ልዩነቱ የጥቂት ወራት ሲሆን ነው። መርከቡ ወደብ የደረሰበት ቀን ወሳኝ በመሆኑ ልምድ ያላቸው አስገቢዎች መኪናውን ጃፓን ውስጥ ገዝተው ወሩ እስኪደርስ ያቆዩታል። ይህም የማቆሚያ ኪራይ አለው።

በዕድሜ ማጭበርበርም አለ። በአሜሪካ ተፈላጊ የሆነው የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ሞዴሉ ለአሥርተ ዓመታት መልኩ ብዙ ሳይለወጥ ስለተሠራ የአዲሱን መለያ ቁጥር በአሮጌው መተካት ለአጭበርባሪ ቀላል ነበር። በጁላይ 2014 የፌዴራል መርማሪዎች በተለያዩ ግዛቶች ወደ 40 የሚጠጉ ዲፌንደሮችን ከባለቤቶቻቸው ግቢ ወሰዱ። ባለቤቶቹ መኪኖቹን ገዝተው ታርጋ አውጥተው ሲነዱ የቆዩ ሰዎች ነበሩ። ጉዳዩ በጠበቆች ከተያዘ በኋላ በ2015 አብዛኞቹ መኪኖች ተመለሱ። ታርጋ ማውጣት ብቻውን ለባለቤቱ ዋስትና እንደማይሆን ይህ አጋጣሚ አሳይቷል። የግዛቱ ምዝገባ የፌዴራሉን ጥያቄ አይዘጋም።

25 ዓመት ያልሞላው መኪና

ዕድሜው ያልደረሰ መኪና ሦስት ያህል ጠባብ መንገዶች አሉት።

ቀላሉ መኪናው ከመጀመሪያውም ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ነው። በር ላይ የአምራቹ መለያ ስላለ ከአሜሪካ ወጥቶ ቢመለስም እንደ አሜሪካ መኪና ይታያል። ለካናዳ ገበያ የተሠሩ መኪኖችም የሁለቱ አገሮች መስፈርቶች ስለሚቀራረቡ አምራቹ በሚጽፈው የማረጋገጫ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይገባሉ። ከዱባይ ወይም ከሪያድ የተገዛ ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ግን ከዚህ አይመደብም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው ወደ አሜሪካ የሚሻገሩ ቤተሰቦች «አሜሪካም ይኸው መኪና ይሸጣል» ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። የሞዴሉ ስም አንድ ቢሆንም ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠራው መኪና የአሜሪካውን መለያ ስለማይዝ አይገባም። ከመላኩ በፊት በሩን ከፍቶ መለያውን ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው መንገድ «የተመዘገበ አስገቢ» የሚባል፣ ከደህንነት አስተዳደሩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው። በመጀመሪያ ያ ሞዴል ሊስተካከል የሚችል ነው ተብሎ በዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። ከሌለ ድርጅቱ ማመልከቻና የቴክኒክ ማስረጃ ያቀርባል፤ አንዳንድ መስፈርቶች የሚረጋገጡት መኪና ከግድግዳ ጋር በማጋጨት ስለሆነ ወጪው ለአንድ ገዢ የሚሞከር አይደለም። መኪናው ሲገባ ቀረጥ የሚታሰብበትን ዋጋ 150 ከመቶ የሚያህል ዋስትና ይያዛል፣ ማስተካከያውም በ120 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ካልተሳካ መኪናው ከአገር ይወጣል ወይም ይወገዳል።

ሦስተኛው በ1999 ሥራ ላይ የዋለው «ለዕይታ ወይም ለትርዒት» የሚባለው ፈቃድ ነው። ታሪካዊ ወይም ቴክኖሎጂያዊ ዋጋ ላላቸው፣ በጥቂት ቁጥር ለተሠሩ መኪኖች ይሰጣል፤ በዓመት ከ2,500 ማይል (4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ መንዳት አይፈቀድም። የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ ያስመጣው ፖርሽ 959 ይህ ፈቃድ ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት በጉምሩክ መጋዘን መቆየቱ በመኪና ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ታሪክ ነው። ገንዘብ የማይፈታው ችግር እንደነበር ማሳያ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ጉምሩክ ላይ

ወደብ ላይ ሦስት ቅጾች ይሞላሉ፦ ለደህንነት አስተዳደሩ ኤችኤስ-7፣ ለአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ 3520-1፣ ለጉምሩክ 7501። በባሕር ለሚመጣ ጭነት ዕቃው መርከብ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መረጃው ለጉምሩክ መድረስ አለበት። ይህ በመዘግየቱ ቅጣት የሚጣልባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ትራንዚተር የሚቀጠረውም በዋናነት ለዚህ ነው። የመኪናው የታች ክፍልና የጎማ መሃል አፈር ሊይዝ አይገባም፤ የውጭ አፈር ተባይ ያመጣል ተብሎ ስለሚፈራ ከመጫኑ በፊት በእንፋሎት ይታጠባል።

ቀረጡ ለብዙ ዓመታት ለቤት መኪና 2.5 ከመቶ፣ ለጭነት መኪና 25 ከመቶ ሆኖ ቆይቷል። የልዩነቱ መነሻ ዶሮ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ ገበያ አገሮች በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጨምሩ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በአጸፋው በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል ጭነት መኪኖች ላይ 25 ከመቶ ጣሉ። ሌላው ሁሉ ሲነሳ የጭነት መኪናው ቀረጥ ቀረ፤ «የዶሮ ቀረጥ» የሚለው ስምም አብሮት አለ። ዛሬ በ3,000 ዶላር የተገዛች ትንሽ የጃፓን ፒክአፕ በዚሁ ሳቢያ 750 ዶላር ትከፍላለች። በ2025 በሁሉም የውጭ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ሲታወጅ 25 ዓመት ያለፋቸው ከጭማሪው ነጻ ተደርገዋል፤ መደበኛው ቀረጥ ግን አይቀርላቸውም።

ከጉምሩክ ሲወጣ በባለቤቱ እጅ የሚኖረው ማኅተም ያለበት 7501፣ ኤችኤስ-7፣ የሽያጭ ውልና የላኪው አገር የስረዛ ሰነድ ነው። ጃፓን ውስጥ መኪና ከመውጣቱ በፊት ከመዝገብ ተሰርዞ የኤክስፖርት ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በጃፓንኛ ስለሆነ ዲኤምቪ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል። ዋናውን ቅጂ የጣለ ሰው ከግዛቱ ጋር የሚኖረው ጉዳይ ረጅም ይሆናል።

የግዛት ምዝገባ

ሃምሳዎቹ ግዛቶች ሃምሳ ደንቦች አሏቸው። በመጀመሪያ የሚወጣው «ታይትል» ሲሆን የባለቤትነት ማስረጃ ነው፤ ቀጥሎ ምዝገባው ማለትም በመንገድ ላይ የመንዳት መብትና ታርጋው ይመጣል። በኢትዮጵያ ሊብሬ ሁለቱን በአንድ ስለሚያሳይ ልዩነቱ ላይታይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ታይትል ኖሮት ታርጋ የሌለው መኪና ይኖራል፤ ባለቤቱ የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል፣ መንዳት ግን አይችልም።

በጭስ ጉዳይ ጥብቋ ካሊፎርኒያ ናት። የፌዴራሉን የ21 ዓመት ነጻነት አትቀበልም፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ የ1976ና ከዚያ በኋላ ሞዴል የቤንዚን መኪና የካሊፎርኒያን የልቀት መስፈርት እንዲያሟላ ተስተካክሎ በታወቀ ላቦራቶሪ መፈተሽ አለበት። ወጪው አንዳንድ ጊዜ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል። በዚህ የተነሳ በሌላ ግዛት ያለችግር የሚሸጥ መኪና ሎስ አንጀለስ ላይ የግቢ ጌጥ ይሆናል። ሌሎች ግዛቶች አሮጌ መኪናን ከጭስ ምርመራ ነጻ ያደርጋሉ ወይም ምርመራው ራሱ የላቸውም።

አንዳንዶች ይህን ለመሸሽ ሞንታና ውስጥ ድርጅት አቋቁመው መኪናውን በድርጅቱ ስም ያስመዘግባሉ። ሞንታና የሽያጭ ታክስ ስለሌላት ዘዴው በውድ መኪና ገዢዎችም ዘንድ የታወቀ ነው። ባለቤቱ በትክክል የሚኖርበት ግዛት ግን ነዋሪዎቹ እዚያው እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል፤ በታክስ ማጭበርበር የተከሰሱም አሉ።

የመለያ ቁጥሩ ጣጣ

ከሕግ ይልቅ ከኮምፒውተር የሚመጣ መሰናክልም አለ። ከ1981 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ መኪና 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ ቁጥር (በተለምዶ ሻንሲ ቁጥር) አለው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። 9ኛው ቦታ የማረጋገጫ አኃዝ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ወደ ቁጥር ይቀየራል፣ ለየቦታው በተሰጠ ክብደት ይባዛል፣ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ የሚተርፈው ቁጥር 9ኛው ቦታ ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ የሚለው ፊደል ይጻፋል። ጸሐፊው አንድ አኃዝ ቢሳሳት ሲስተሙ ወዲያው ያውቃል። ለአሜሪካ መኪና የተዋጣለት አሠራር ነው።

ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራ መኪና ግን ይህ ቁጥር የለውም። የሞዴል ኮድና ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለምሳሌ የአር32 ጂቲ-አር ቁጥር ባለ አምስት ምልክት ኮድና ባለ ስድስት አኃዝ ተከታታይ ስለሆነ በጠቅላላ 11 ነው። የአውሮፓ መኪኖች 17 ቢኖራቸውም ብዙ አምራቾች 9ኛውን ቦታ በማረጋገጫ አኃዝ ፋንታ በዜድ ፊደል ይሞሉታል። በመሆኑም የመጀመሪያው በርዝመቱ፣ ሁለተኛው በስሌቱ በሲስተሙ ውድቅ ይደረጋሉ። የምዝገባ ሲስተሞች አጭር ቁጥር የሚገባበት አማራጭ ቢኖራቸውም መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ላያውቀው ይችላል። ከ1981 በፊት የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖችም አጭር ቁጥር ስላላቸው በዚያው መንገድ እንዲመዘገብ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ የሚሰጡ ማዘጋጃ ቤቶችና የታሪክ ማጣሪያ ድረ ገጾችም ይኸው ችግር አለባቸው።

የኬይ መኪኖች ክርክር

በፌዴራል ፈቃድና በግዛት ፈቃድ መካከል ያለው ክፍተት በግልጽ የታየው ኬይ በሚባሉት የጃፓን ትናንሽ መኪኖች ላይ ነው። ኬይ በጃፓን ሕግ የተወሰነ ምድብ ሲሆን ርዝመቱ ከ3.4 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.48 ሜትር፣ ከፍታው ከ2 ሜትር፣ ሞተሩ ከ660 ሲሲ አይበልጥም። አምራቾቹ ጉልበቱን በ64 የፈረስ ጉልበት ገድበውታል። ሱዙኪ ኬሪ፣ ዳይሃትሱ ሃይጄት፣ ሆንዳ አክቲና ሱባሩ ሳምባር በጃፓን የገበሬና የባለ ሱቅ ፒክአፖች ናቸው። ጃፓን ውስጥ የግል መኪና መጀመሪያ በሦስት ዓመቱ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ «ሻኬን» የተባለውን ውድ ምርመራ ያልፋል፤ አሮጌ መኪና ደግሞ ታክሱ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚሠራ መኪና በርካሽ ይሸጣል። አሜሪካ ውስጥ አንድ አዲስ ፒክአፕ ከ30,000 ዶላር በላይ በሚጠይቅበት ጊዜ በጥቂት ሺህ ዶላር የሚገኝ፣ ባለ ረጅም ካርጎ፣ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለአናጢ፣ ለአትክልተኛና ለትንሽ ገበሬ ሥራ ሊሆን ይችላል።

የ1990ዎቹ ኬይዎች 25 ዓመት ሲሞላቸው ብዙ ገቡ፣ በየግዛቱም ታርጋ ወጣላቸው። ከዚያም የየግዛቱን የተሽከርካሪ አስተዳዳሪዎች የሚያሰባስበው ማኅበር መኪኖቹ በመንገድ ላይ እንዳይመዘገቡ የሚመክር ሰነድ አወጣ። ምክንያቱ የአሜሪካን የግጭት መስፈርት አለማሟላታቸውና ከትልልቅ መኪኖች መካከል አደገኛ መሆናቸው ነው። ሮድ አይላንድ፣ ሜይንና ጆርጂያ ምዝገባ ከመከልከል አልፈው ቀድሞ የተሰጠ ምዝገባን እስከ መሰረዝ ደረሱ። ባለቤቱ ታክሱን ከፍሎ፣ ለሥራው ለዓመታት ሲጠቀምበት ቆይቶ፣ በፖስታ ደብዳቤ ደርሶት ታርጋውን እንዲመልስ ተጠየቀ። መኪናው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የቢሮው ንባብ ነው።

ባለቤቶቹ የሚያነሱት ክርክር ክብደት አለው። የደህንነት መስፈርት አለማሟላት የ25 ዓመት ደንቡ ራሱ የፈቀደው ነገር ነው። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ቀበቶ እንኳ የሌለው መኪና ታርጋ ያገኛል። ሞተር ሳይክልም ይነዳል። የግዛቶቹ መልስ አሮጌው መኪና ለሰልፍና ለእሑድ ሽርሽር እንጂ ለዕለት ሥራ ስለማይውል ብዙ አያጋልጥም የሚል ነው። ከባዱን ግራ መጋባት ያመጣው ሌላ ነገር ነው። ፍጥነታቸው በ25 ማይል በሰዓት (40 ኪሎ ሜትር) ተገድቦ ለእርሻ ብቻ የሚገቡ ትናንሽ ፒክአፖች አሉ፤ እነዚህ በፌዴራል ሕግ ጭራሽ «ሞተር ተሽከርካሪ» ስላልሆኑ ዕድሜ አይጠየቁም። በ25 ዓመት ደንብ በሙሉ ፍጥነት ከገቡት ጋር በመልክ አንድ ናቸው። አንዳንድ ግዛቶች ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ቃል ከለከሉ።

ባለቤቶቹ በየምክር ቤቱ አቤቱታ ማቅረባቸው ፍሬ አፍርቷል። ቴክሳስ በ2024 ኬይዎች እንዲመዘገቡ ፖሊሲዋን ቀየረች። ማሳቹሴትስ በዚያው ዓመት ምዝገባውን ካቆመች በኋላ በወራት ውስጥ መልሳ ፈቀደች። ሁኔታው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ገንዘብ ከመላኩ በፊት የዚያን ግዛት ወቅታዊ ደንብ በጽሑፍ መጠየቅ የተለመደ ጥንቃቄ ሆኗል።

አነዳድ

በቀኝ በኩል መሪ ያለውን መኪና መንዳት በአሜሪካ አይከለከልም፤ ደብዳቤ አዳዮች ራሳቸው እንዲህ ያለ መኪና ይነዳሉ። የሚያስቸግረው ለመቅደም ሲወጣ የፊቱን ማየት ነው። ብዙም የማይታሰበው ፓራውልት ነው። በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት ወደ መንገዱ ግራ ጠርዝ ከፍ ብሎ ያበራል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር ግን በዚያ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ነው፤ ዓይኑን ያጥበረብረዋል። መብራቱን መለወጥ የግድ ነው። የጃፓን ኤፍኤም ራዲዮ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ስለሚይዝ አብዛኛው የአሜሪካ ጣቢያ አይገባበትም፤ እሱ ግን ከሬዲዮ በቀር የሚጎዳው የለም።

ለጊዜው የሚገባ መኪና

የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው መስፈርት የማያሟላ መኪናውን ለግል አገልግሎት እስከ አንድ ዓመት ድረስ ይዞ መግባት ይችላል። መሸጥ አይችልም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማስወጣት አለበት። በ1949 የወጣውና አሜሪካ አባል የሆነችበት የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአባል አገር የተመዘገበ መኪና በራሱ ታርጋና በአገሩ መለያ ምልክት እንዲነዳ ይፈቅዳል። ዲፕሎማቶች በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ የሚያስገቡት በተለየ አሠራር ነው። መኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ የሚመጣ ሰው በጎብኚ አይታይም፤ መኪናውም የአንድ ዓመቱን ፈቃድ አያገኝም።

የውጭ መንጃ ፈቃድ የሚሠራበት ጊዜ በየግዛቱ ይለያያል። ዓለም አቀፍ የሚባለው መንጃ ፈቃድ ለብቻው ፈቃድ አይደለም፤ የአገሩ መንጃ ፈቃድ ትርጉም ስለሆነ ከዋናው ጋር ይያዛል፣ የሚወጣውም ባለቤቱ ፈቃድ ባገኘበት አገር ነው።

መድን

ከኒው ሃምፕሸር በስተቀር ግዛቶች ለሦስተኛ ወገን ጉዳት መድን መግባትን ወይም በሱ ምትክ የገንዘብ ዋስትና ማሳየትን ይጠይቃሉ፤ ማስረጃው ከሌለ ታርጋ አይሰጥም። መደበኛ ኩባንያዎች 17 ምልክት የሌለውን መኪና ሲስተማቸው ስለማይቀበለው ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። የጥንታዊ መኪና መድን የሚሸጡ ኩባንያዎች ዋጋውን ከባለቤቱ ጋር ተስማምተው ይመዘግቡታል፤ በምትኩ መኪናው በጋራዥ እንዲያድርና ባለቤቱ ለዕለት ሥራ የሚጠቀምበት ሌላ መኪና እንዲኖረው ይጠይቃሉ። በኬይ ፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ የሚተዳደር ሰው ይህን ሁለተኛ ሁኔታ ማሟላት ስለማይችል ኬይ የሚቀበል መደበኛ ኩባንያ እስኪያገኝ መፈለግ ይኖርበታል።